ምላስ ቆርጦ ክርክር ማሸነፍ

ባለፈው ሰሞን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ፡፡ ሐረጎን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ መንገዱ መጠማዘዝ ሲጀምር ተሳፋሪ ወይ ይተኛል ወይ ይከራከራል፡፡ የኛዎቹ መከራከሩን መረጡ፡፡ ከኋላ ወንበር ሁለት ጎረምሶች አንድ ስልክ ላይ አፍጥጠው የአንድ ሰባኪ ቪዲዮ ያያሉ፡፡ አንደኛው «ይሄማ ቅባት ነው!» አለ፡፡ ሁለተኛው «ኧረ ጸጋ ነው የሚባለው» ብሎ አረመው፡፡ እኔም አላስችል አለኝና ዞር ብዬ ቅባት ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኳቸው፡፡

«መናፍቅ ነዋ!»

ጸጋስ?

«እሱም መናፍቅ፡፡»

ልዩነታቸውስ ምንድን ነው? ዝም፡፡ ረዳቱ በሩን ተደግፎ «እኔ የማውቀው የፀጉሩን ቅባት ብቻ ነው» ሲል መኪናው በሙሉ ሳቀ፡፡

ከሹፌሩ ጀርባ የተቀመጡ አንድ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ ግን አልሳቁም፡፡ ዞር ብለው አዩንና «ልጆቼ፣ ይሄን ነገር በቀስታ ያዙት፡፡ በኛ ቤት የአያቴ አባት ሁለት ስም ነበረው፤ የቀንና የማታ፡፡ እዚችው ቦሩ ሜዳ ላይ በወጣ አዋጅ ነው» አሉ፡፡ ከዚያ በኋላ እስከ ደሴ ድረስ የተናገረ አልነበረም፡፡

እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም፡፡ ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው፡፡

ወሎ ውስጥ ተወልደን፣ የቦሩ ሜዳን ሆስፒታል እናውቃለን፡፡ የቦሩ ሜዳን ብርድ እናውቃለን፡፡ ግንቦት 1870 ዓ.ም. እዚያ ሜዳ ላይ ምን ጥያቄ እንደተጠየቀ፣ ማን ምን እንደመለሰና ክርክሩ በምን እንደተዘጋ ግን አብዛኞቻችን አናውቅም፡፡ የማናውቀውን ነገር ደግሞ ስድብ አድርገነዋል፡፡ «ቅባት»፣ «ጸጋ»፣ «መናፍቅ»… ትርጉማቸው ጠፍቶ ድንጋይነታቸው ብቻ ቀርቷል፡፡

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር፤ ኋላ በጎን እንዳትመጡብኝ፡፡ እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፡፡ በቦሩ ሜዳ ያሸነፈው ትምህርት ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፡፡ የምናደደውም ለዚህ ነው፡፡ እውነት ከያዝክ ካራ ምን ይሠራልሃል?

ጥያቄው ምን ነበር?

እንጀምር እንግዲህ፡፡ «ክርስቶስ» ማለት «የተቀባ» ማለት ነው፡፡ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ቁጥር 38 ላይም ጴጥሮስ ስለ ኢየሱስ ሲናገር እግዚአብሔር በመንፈስ ቅዱስ እንደቀባው ይመሰክራል፡፡ አንድ የቆሎ ተማሪ ይህን አንብቦ ቢጠይቅ ምን ይላል? አምላክ ከሆነ ለምን ተቀባ? ምን ጎድሎት? መቀባቱስ ምን አደረገለት?

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም፡፡ የጎንደር ሊቃውንት ብቻ የፈጠሩትም አይደለም፡፡ በአራተኛው መቶ ዓመት አርዮሳውያን ይህንኑ የመቀባት ነገር ከመዝሙረ ዳዊት እየጠቀሱ «ከተቀባማ ፍጡር ነው» ብለው ነበር፡፡ አትናቴዎስ በአርዮሳውያን ላይ በጻፈው መጽሐፉ ረጅም መልስ ሰጥቶበታል፤ የተቀባው ለእኛ ሲል በለበሰው ሥጋ ነው፣ ለራሱ የጎደለው ኖሮ አይደለም የሚል ነው ሐሳቡ፡፡ እ.ኤ.አ. በ430 ቄርሎስ በንስጥሮስ ላይ ካወጣቸው 12 ውግዘቶች ዘጠነኛውም ስለዚሁ ነው፤ ክርስቶስ በመንፈስ ቅዱስ የሠራው የሌላን ኃይል እንደተዋሰ ሰው ነው የሚለውን ያወግዛል፡፡ እነዚህ አባቶች በግዕዝ ተተርጉመው በቄርሎስና በሃይማኖተ አበው መጻሕፍት ውስጥ በሊቃውንቶቻችን እጅ ነበሩ፡፡

በእኛ አገር ጥያቄው የፈነዳው ከኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን መምጣት በኋላ ነው፡፡ ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ ገለጡ፡፡ ከብዙ ደም በኋላ በ1632 የአባቶቻችሁን ሃይማኖት ያዙ ብለው ለልጃቸው ለፋሲለደስ ዙፋኑን ለቀቁ፡፡ ሚስዮናውያኑ ሄዱ፤ «ሁለት ባሕርይ» እያሉ የጠየቁት ጥያቄ ግን አልሄደም፡፡ ሊቃውንቱ ለእነሱ መልስ ሲያዘጋጁ እርስ በርሳቸው ተለያዩ፡፡

በጎጃም ሥር የሰደደውና የኤዎስጣቴዎስ ቤት መነኮሳት የያዙት የቅባት ወገን፣ ወልድ በሥጋው የባሕርይ ልጅ የሆነው በመንፈስ ቅዱስ ቅብዐት ነው አለ፡፡ በሸዋ፣ በደብረ ሊባኖስ የጠነከረው የጸጋ ወገን ሦስት ልደት ቆጠረ፤ ከአብ ቅድመ ዓለም፣ ከድንግል ማርያም ድኅረ ዓለም፣ ሦስተኛው በመንፈስ ቅዱስ ቅብዐት በሥጋው የጸጋ ልጅ የሆነበት፡፡ ሦስተኛው ወገን ደግሞ የለም አለ፤ ሥጋ የከበረው ከቃል ጋር በመዋሐዱ ብቻ ነው፣ ልደቱም ሁለት ነው፣ ወልድ ራሱ ቀባኢ፣ ራሱ ተቀባኢ፣ ራሱ ቅብዕ ነው፡፡ ይህ ወገን ሦስተኛውን ልደት ስለቆረጠ ካራ ተባለ ይባላል፡፡ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው የዚህን ወገን ትምህርት ነው፡፡

አያችሁ? ሦስቱም ክርስቶስን አምላክ ይላሉ፡፡ ሦስቱም የኬልቄዶንን ጉባኤ አይቀበሉም፡፡ ሦስቱም አትናቴዎስንና ቄርሎስን ይጠቅሳሉ፡፡ የተለያዩት በአንድ ከባድ ጥያቄ ላይ ነው፤ ሰው የሆነው አምላክ፣ ሰው በሆነበት በኩል ክብሩን ያገኘው እንዴት ነው? ይህን ለመመለስ ሁለት መቶ ዓመት ያነበቡ፣ የጾሙ፣ የተከራከሩ ሰዎችን በአንድ ቃል «መናፍቅ» ብሎ ማለፍ እውቀት ሳይሆን ስንፍና ነው፡፡

ጳጳስ ያልነበረበት ጉባኤ

አሁን ወደ ሜዳው እንውጣ፡፡ ደሴ ገና ከተማ ሆና አልተቆረቆረችም፡፡ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከሁለት ወር በፊት ልቼ ላይ ምኒልክን አስገብረው የሸዋ ንጉሥነታቸውን አጽድቀዋል፡፡ ሁለቱ ነገሥታት ከነሠራዊታቸው ቦሩ ሜዳ ሰፈሩ፡፡ የሸዋ ጸጋዎችና የተዋሕዶ ሊቃውንት ቆሙ፡፡ ከእስክንድርያው ፓትርያርክ የመጣ ደብዳቤ ተነበበ፤ ሁለት ልደትን የሚያጸና ነው፡፡ ጸጋዎቹ ተረቱ ተባለ፡፡ አንለቅም ያሉት ምላሳቸው ተቆረጠ፡፡

ምላሳቸው ተቆረጠ፡፡ ደግሜ የጻፍኩት ታሪክ ስናስተምር በፍጥነት የምናልፋት ቃል ስለሆነች ነው፡፡

አሁን «ቦሩ ሜዳ የኢትዮጵያ ኒቅያ ነው» እያላችሁ ደረታችሁን ለምትነፉ ወዳጆቼ አንድ ነገር ልጠይቅ፡፡ እ.ኤ.አ. በ325 ኒቅያ ላይ የተሰበሰቡት እነማን ነበሩ? ሠለስቱ ምዕት የምንላቸው ጳጳሳት፡፡ ቦሩ ሜዳ ላይስ ስንት ጳጳስ ነበር? አንድም! አቡነ አትናቴዎስ እ.ኤ.አ. በ1876 አርፈዋል፤ ተከታዮቹ አራት ጳጳሳት ከግብፅ የመጡት በ1881 ነው፡፡ በመካከሉ ያለው ጉባኤ የንጉሥ ጉባኤ ነው፡፡ ፍርዱም የንጉሥ ፍርድ ነው፡፡

«ኒቅያንም የጠራው ቆስጠንጢኖስ ነው» ትሉኝ ይሆናል፡፡ ልክ ናችሁ! ውጤቱን ግን እስከ መጨረሻ ተከታተሉት፡፡ ቆስጠንጢኖስ አርዮስን አጋዘ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያው ቆስጠንጢኖስ አርዮስን ከግዞት መልሶ አትናቴዎስን አጋዘ፡፡ አትናቴዎስ በዕድሜው አምስት ጊዜ ተሰዷል፡፡ የኒቅያ ሃይማኖት የጸናው እ.ኤ.አ. በ381 በቁስጥንጥንያ ጉባኤ ነው፤ ከ56 ዓመት በኋላ፡፡ በእነዚያ ዓመታት ኒቅያን ያቆዩት የቤተ መንግሥት ወታደሮች ሳይሆኑ የሚጽፉ፣ የሚያስተምሩ፣ የሚሰደዱ ሰዎች ናቸው፡፡ ንጉሥ ያነሳውን ንጉሥ ይጥለዋል፡፡

ከሁሉ በላይ ደግሞ የራሳችን ታሪክ አለ፡፡ እ.ኤ.አ. በ356 ገደማ ለአርዮሳውያን ያደላው ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢዮስ ለአክሱሞቹ ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ፡፡ ፍሬምናጦስን፣ የእኛን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ወደ እስክንድርያ መልሳችሁ ላኩት፤ እኔ የሾምኩት ጊዮርጊስ ሃይማኖቱን ይመርምረው አለ፡፡ ደብዳቤውን ያቆየልን ራሱ አትናቴዎስ ነው፡፡ እስቲ አስቡት፤ «ንጉሥ ያዘዘው ሃይማኖት ትክክል ነው» የሚለውን ሕግ ያን ጊዜ ብንቀበል ኖሮ ዛሬ አርዮሳውያን ነበርን! በየዓመቱ የአባ ሰላማን በዓል እያከበርን ሃይማኖትን በአዋጅ ማጽናትን ማሞገስ እንዴት ነው የሚሆነው?

«ፖለቲካ ነበር» ለሚሉት

ሌላኛው ወገን ደግሞ የተማረው ነው፤ ፒያሳ ቁጭ ብሎ ማኪያቶውን እያማሰለ «ባክህ፣ ሁሉም ፖለቲካ ነው፤ ቅብዐት ምናምን ሽፋን ነው» የሚለው፡፡

ግማሹ እውነት ነው፡፡ የሦስት ልደት ትምህርት በሸዋ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የቤተ መንግሥት ድጋፍ ነበረው፤ ሸዋ ከጎንደር ተለይቶ ሲቆም ትምህርቱም አብሮ ቆመ፡፡ ጎጃም ቅባት ሲል ጎጃምነቱንም እያለ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1854 ደጃዝማች ካሣ፣ የኋላው ቴዎድሮስ፣ ከአቡነ ሰላማ ጋር ሆነው አምባ ጫራ ላይ ተዋሕዶን ሲያውጁ ጳጳሱም ካሣም እየተጠቃቀሙ ነበር፡፡ ዮሐንስም ሸዋን ከትምህርቱ ሲነጥሉ ከክንዱም እየነጠሉ ነበር፡፡ አልክድም፡፡

ግን ግማሽ እውነት ነው፡፡ ምኒልክ ፖለቲከኛ ስለነበሩ ቦሩ ሜዳ ላይ ትምህርቱን ለቀቁ፤ ዘውዳቸውንም ያዙ፡፡ ያ መነኩሴ ግን? ምላሱን ከሚያጣ «ሁለት ልደት» ብሎ ወደ ደብረ ሊባኖሱ ቢመለስ ምን ይጎድልበት ነበር? ለሽፋን ምላሱን የሚሰጥ ሰው የለም፡፡ «ሁሉም ፖለቲካ ነው» የምትል ወዳጄ፣ በጊዜው ጉዳዩን ከልባቸው የያዙትን ሰዎች አንተ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ምላሳቸውን እየቆረጥክ ነው፡፡ ንጉሡ አትናገሩ አላቸው፤ አንተ ደግሞ የተናገራችሁት ነገር አልነበረም ትላቸዋለህ፡፡

አንድነትስ መጣ?

የመጨረሻው መከራከሪያ ጠንካራው ነው፤ ልሸሸው አልፈልግም፡፡ «ዮሐንስ ምን ያድርጉ? በ1868 ዓ.ም. ብቻ ሁለት ጊዜ፣ ጉንደትና ጉራዕ ላይ፣ የግብፅን ጦር መክተዋል፡፡ አገር በሃይማኖት ተከፋፍላ እንዴት ትቆማለች?» ይባላል፡፡ የዮሐንስን ጭንቀት እረዳለሁ፤ ለዚህች አገር አንገታቸውን የሰጡ ሰው ናቸው፤ መተማ ምስክር ነው፡፡ ግን መድኃኒቱ በሽታውን አዳነው ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፡፡

አዋጁ በክርስቲያን ሊቃውንት ላይ አላቆመም፡፡ የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚነግሩን ለተለየ ትምህርት ያላቸው ክርስቲያኖች ሁለት ዓመት፣ ለሙስሊሞች ሦስት ዓመት፣ ለሌሎች አምስት ዓመት ተቆርጦላቸው ነበር፡፡ የወሎ መሪዎች በቅድሚያ ተጠመቁ፡፡ ኢማም መሐመድ አሊ ዮሐንስ ክርስትና አንስተዋቸው ሚካኤል ተባሉ፡፡ ኢማም አመዴ ሊበን፣ አባ ዋጠው፣ ምኒልክ ክርስትና አንስተዋቸው ኃይለ ማርያም ተባሉ፡፡ ተራው ሰውስ? ከፊሉ ተሰደደ፣ ከፊሉ በሼህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ሥር ሆኖ ተነሣ፣ ከፊሉ ደግሞ ቀን ቤተ ክርስቲያን እየሳመ ማታ ይሰግድ ነበር፡፡ የሚኒባሱ ሽማግሌ ቅድመ አያት አንዱ ናቸው፡፡ ወሎ ለዓመታት የዘመቻ አገር ሆነች፡፡ ይህ ነው አንድነት?

በሃይማኖቱ በኩል እንኳ ብታዩት፣ አንድን ሰው በግድ አጥምቀህ ክርስቲያን አታደርገውም፤ ውሸታም ነው የምታደርገው፡፡ ጥምቀትንም ታቃልላለህ፡፡ ስለ ቅብዐት ምሥጢር ይህን ያህል የተጨነቀ ጉባኤ፣ ጥምቀትን የቀረጥ ደረሰኝ ሲያደርገው አለማፈሩ ይገርመኛል፡፡

የታሪክ ምፀቱን ደግሞ ተመልከቱ፡፡ በዚያ አዋጅ የተጠመቁት የራስ ሚካኤል ልጅ ልጅ ኢያሱ ናቸው፡፡ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን የወረዱት በምን ክስ ነው? «ሰልሟል» ተብለው! በወሩ ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ፡፡ ከ38 ዓመት በኋላም የቦሩ ሜዳው ጥምቀት አልታመነም ማለት ነው፡፡ በግድ ያመነን ሰው አስገዳጁ ራሱ አያምነውም፡፡

የቅባትና የጸጋ ነገርስ ተዘጋ? እስከ ዛሬ በየመድረኩ፣ በየስልኩ ይነሣል፤ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ዛሬም የሚያከራክር ጉዳይ ነው፡፡ በክርክር ተረትቶ ያመነ ሰው ለልጁ የሚያስተምረው መልስ ይዞ ይሄዳል፡፡ በካራ የተረታ ለልጁ የሚያወርሰው ቂም ነው፡፡

አይጠየፍ

ከመናኸሪያው ወርጄ በእግሬ ሄድኩ፡፡ ደሴ ላይ ዐፄ ዮሐንስ ያጠመቋቸው እኚያው ሚካኤል የሠሩት አዳራሽ አለ፤ አይጠየፍ፡፡ ስሙ ሁሉን ይናገራል፡፡ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ግብር የበላበት፣ ማንንም የማይጠየፍ፡፡ በአዋጅ ሃይማኖቱን የቀየረ ሰው አዳራሽ ሲሠራ የሰጠው ስም ይህ ነው! እኔ ይህን እንደ መልስ ነው የማየው፡፡

«የወሎ መቻቻል» እያልን በየበዓሉ ስንፎክር ይህን እንርሳ አይሆንም፡፡ መቻቻሉ ከሰማይ አልወረደም፤ የአዋጅም ስጦታ አይደለም፡፡ ሕዝቡ ከአዋጁ በኋላ፣ አዋጁ እያለ፣ በጋብቻ፣ በዕድር፣ በቡና፣ አንዱ ቤት መሐመድም ገብሬም እየተባሉ አብሮ በማደግ የጠገነው ነው፡፡ ቁስሉን ሳናውቅ ጥገናውን ብቻ ካሞገስን፣ ነገ አንድ ጎረምሳ ስልኩን ይዞ ቁስሉን ሲጎረጉረው የምንመልሰው አይኖረንም፡፡

እና ምን ይደረግ?

«ተው፣ የተኛውን አትቀስቅስ» የሚሉኝ ይኖራሉ፡፡ ወገኖቼ፣ አልተኛም! ሐረጎ ላይ ሚኒባስ ውስጥ ነቅቶ አግኝቼዋለሁ፡፡

አንደኛ፣ ክርክሩ ይማር፡፡ የሦስቱም ወገን ሐሳብ ራሳቸው እንዳሉት ሆኖ፣ በሰንበት ትምህርት ቤትም በወሎ ዩኒቨርሲቲም፡፡ ደሴ በመምህር አካለ ወልድ፣ በቦሩ ሥላሴው ሊቅ ስም የተሰየመ ትምህርት ቤት አላት፡፡ እዚያ የተማሩ ስንቶቻችን እኚህ ሰው በምን ሊቅ እንደሆኑ እናውቃለን? ስማቸውን በሩ ላይ ጽፈን ጥያቄያቸውን ከግቢው ማስወጣት አይሆንም፡፡

ሁለተኛ፣ ቦሩ ሜዳ ላይ የሆነው በሙሉ ይነገር፡፡ ድሉን የሚያከብር ያክብር፤ መብቱ ነው፡፡ ግን ምላሳቸውን ያጡትንም፣ ስማቸውን ያጡትንም በዚያው አፉ ይጥራ፡፡

ሦስተኛው ለኔና ለናንተ ነው፡፡ ሰውን «መናፍቅ» ከማለታችን በፊት የሚለውን ነገር እሱ ራሱ «አዎ፣ እንደሱ ነው የምለው» እስኪል ድረስ አስተካክለን መናገር እንልመድ፡፡ ይህን ከፈረንጅ አላመጣሁትም፡፡ የመጻሕፍት ጉባኤ ቤቱ ልማድ ነው፡፡ አንድምታ ምንድን ነው? መምህሩ ንባቡን ያነብና ይተረጉማል፤ ቀጥሎ «አንድም» ብሎ ሌላ ትርጉም ያመጣል፤ እንደገና «አንድም»፡፡ የማይመቸውን እንኳ አስቀምጦ፣ መልሱን አጠገቡ አድርጎ ያልፋል፡፡ ተማሪው ሁሉንም በቃሉ ይዞ ይወጣል፡፡ ይህን የመሰለ ትምህርት ቤት ያላት ቤተ ክርስቲያን ክርክሯን በካራ መዝጋቷ የድካም ሥራ ነበር፤ ከጥንካሬዋ ጋር አይሄድም፡፡

ሽማግሌው ደሴ ስንደርስ ከመውረዳቸው በፊት ከኋላ ያለውን ጎረምሳ «አንተ ልጅ፣ ያን ቃል ፍቺውን ተማርና ሌላ ቀን ንገረኝ፤ ደስ ይለኛል» አሉት፡፡ ልጁ «እሺ አባባ» አለ፤ አንገቱን ደፍቶ፡፡

አንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው፡፡ ፍቺውን ለሽማግሌው የሚነግራቸው ማነው?